መጦሪያ ቤትና የሰው ክብር፤ ከእንግሊዝ አገር ታሪክ የምናገኘው ትምህርት

አንድ አረጋዊ ወደ መጦሪያ ቤት በሚገቡበት ቀን ይዘውት የሚመጡት ዕቃ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሻንጣ ወይም በአንድ ጨርቅ የሚጠቀለል ነው። ይዘውት የሚመጡት ሕይወት ግን የሰባና የሰማንያ ዓመት ነው። በውስጡ ስም አለ፤ ሃይማኖት አለ፤ የጾምና የፍስክ ልማድ፣ አፍ የፈቱበት ቋንቋ፣ የኖሩበት ሙያ፣ ያሳደጉት ልጅ፣ የቀበሩትም ልጅ አለበት። ሻንጣውን ተቀብሎ በመዝገብ የሚያሰፍር ሠራተኛ በየቤቱ አይጠፋም። ሕይወቱን የሚቀበል ሠራተኛ አለ ወይ? የመጦሪያ ቤቶች ታሪክ ባጭሩ ይነገር ቢባል የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ የእንግሊዝን አገር ምሳሌ የመረጥንበት ምክንያት አለን። የዚያ አገር ሕግ በየዘመኑ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ጥፋቱም በራሱ በአገሩ ሰዎች ተመርምሮ ለሕዝብ ታትሟል። የደረሰበትን ስሕተት የጻፈ ሕዝብ ለሌላው አስተማሪ ይሆናል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን እንዲያስታውሱልን እንጠይቃለን።

የድኾች ሥራ ቤት

ከ1601 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር ራሱን መርዳት ያቃተውን ድኻ የመርዳት ግዴታ የየአጥቢያው ነበር። በ1834 የወጣው የድኾች ሕግ ማሻሻያ ይህን አሠራር ለወጠው። አጥቢያዎች በኅብረት ተደራጅተው «ወርክሃውስ» የሚባል የድኾች ሥራ ቤት እንዲኖራቸው ተደረገ። የሕጉ መሠረተ ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ ይኸውም በቤቱ ውስጥ ያለው ኑሮ በውጭ ካለው ከመጨረሻው ዝቅተኛ ሠራተኛ ኑሮ ያነሰ መሆን አለበት የሚል ነው። ዓላማው ጉልበት እያለው እርዳታ የሚጠይቀውን ሰው ለማራቅ ነበር።

ይሁን እንጂ በሩን ከሚያንኳኩት መካከል ጉልበታቸው ያለቀ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ብዙ ነበሩ። ለሰነፍ ማስፈራሪያ ተብሎ የተሠራው ሥርዓት በእነርሱም ላይ ዋለ። የሚገባው ሰው ልብሱን አውልቆ ያስረክባል፤ ገላውን ታጥቦ የቤቱን ልብስ ይለብሳል። ወንድና ሴት በየክፍላቸው ይለያሉ፤ አርባ ዓመት በአንድ ጣራ ሥር የኖሩ ባልና ሚስትም ከዚህ አያመልጡም ነበር። ምግቡ በሚዛን፣ መነሣቱና መተኛቱ በደወል ነው። በ1847 ዕድሜያቸው ከስድሳ ዓመት ያለፈ ባልና ሚስት ከፈለጉ አብረው እንዲኖሩ በሕግ ተፈቀደ። ለዚህ የሚሆን ክፍል ያዘጋጁት ቤቶች ግን ጥቂቶች ነበሩ።

በ1908 የወጣው የጡረታ ሕግ ከሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ ሰባ ዓመት ለሞላቸው ችግረኞች በሳምንት እስከ 5 ሺሊንግ እንዲከፈል አደረገ። በዚህም ገንዘብ ብዙዎች በገዛ ቤታቸው ማርጀት ቻሉ። በ1929 ደግሞ ሌላ ሕግ ወጥቶ የሥራ ቤቶቹ በሚቀጥለው ዓመት ወደ አካባቢ መስተዳድሮች እጅ ገቡ፤ ስማቸውም ተለወጠ። የሕንጻው ግንብ፣ ረዥሙ አዳራሽና የአልጋው ረድፍ ግን እንደ ነበሩ ቆዩ።

በዚያ ዘመን ለዚህ ሥርዓት ይቀርብ የነበረው መከላከያ ዛሬም ለጆሮአችን እንግዳ አይደለም። ሰውየው ጣራ አግኝቷል፤ ዳቦውም በሰዓቱ ይደርሰዋል፤ ታዲያ በመንገድ ላይ ከመውደቅ ይህ አይሻልም ወይ? ይባል ነበር። በእርግጥ ይሻላል። ሆኖም «ከመንገድ ይሻላል» የሚለው ቃል የሥራ መጀመሪያ መሆኑ ቀርቶ የሥራ መለኪያ ሲሆን ምን እንደሚያስከትል የሚቀጥለው ታሪክ ያስረዳል።

ሕጉ ሲለወጥ ግንቡ ቆመ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የወጣው የብሔራዊ እርዳታ ሕግ ጁላይ 5 ቀን 1948 በሥራ ላይ ዋለ። የድሮው የድኾች ሕግም በዚሁ ተሻረ። ሕጉ በዕድሜ ወይም በድካም ምክንያት እንክብካቤ ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች መኖሪያ እንዲያዘጋጁ የአካባቢ መስተዳድሮችን አስገደደ። የጤና ሚኒስትሩ አናይሪን ቤቫን ያሰቡት አዲስ ቤት ከሃያ አምስት እስከ ሠላሳ ሰው የሚኖርበት፣ ነዋሪውም ከጡረታው እየከፈለ እንደ ሆቴል እንግዳ የሚስተናገድበት ነበር። በዚህ ሐሳብ መሠረት አለቃና ምስኪን መባባል ቀርቶ አስተናጋጅና እንግዳ መባባል መተካት ነበረበት።

አሥር ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ፒተር ታውንሰንድ የተባሉ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ የተባለው በእርግጥ መፈጸሙን ለማየት ተነሡ። በእንግሊዝና በዌልስ 173 መጦሪያ ቤቶችን ጐበኙ፤ በአንዱም ቤት ለጥቂት ቀናት ገላ አጣቢ ሆነው ሠሩ። በ1962 ባሳተሙት «የመጨረሻው መጠጊያ» በተባለው መጽሐፋቸው የገለጹት ሁኔታ አገሩን አሳዘነ። ብዙ አረጋውያን ዛሬም በቀድሞዎቹ የድኾች ሥራ ቤቶች ሕንጻዎች ውስጥ ይኖሩ ነበር። አልጋዎቻቸው በረዣዥም አዳራሾች የተደረደሩ፣ ወንበሮቻቸው ግድግዳ ተደግፈው የተሰለፉ፣ የግል ዕቃ ማስቀመጫቸውም እጅግ ጠባብ ወይም ጨርሶ የሌለ ነበር። ታውንሰንድ ከሁሉ በላይ ያመለከቱት ግን የሕንጻውን ማርጀት ብቻ አልነበረም። ወደ ቤቱ የገባው ሰው ሥራውን፣ ወዳጆቹን፣ ብቻውን የሚሆንበትን ጊዜና ስለ ራሱ የመወሰን ልማዱን ቀስ በቀስ ያጣል፤ ይህም አዲስ በተሠሩት ቤቶች ጭምር ይታያል አሉ። ስለዚህም አረጋውያን በየቤታቸው ሳሉ የሚረዱበት አገልግሎት እንዲስፋፋ አጥብቀው መከሩ።

በዚሁ ወቅት፣ በ1961፣ ኤርቪንግ ጐፍማን የተባሉ በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩ ሊቅ በዋሽንግተን ከተማ በአንድ ትልቅ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ሰው እንዲህ ወዳለ ቦታ ሲገባ በበሩ ላይ ምን እንደሚደርስበት በዝርዝር ጻፉ። ልብሱን፣ የግል ዕቃውን፣ አንዳንድ ጊዜም የሚጠራበትን ስም ይነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ የመብላቱም የመተኛቱም ሰዓት በሌላ ሰው ይወሰናል። የሚገርመው ይህ ሁሉ ያለ አንዳች ክፋት ሊፈጸም መቻሉ ነው። በእንግሊዝም ባርባራ ሮብ የተባሉ ሴት በ1967 ባሳተሙት የምስክርነት መጽሐፍ በሆስፒታሎች ለረዥም ጊዜ የተኙ አሮጊቶች መነጽራቸው፣ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውና የመስሚያ መሣሪያቸው ሳይቀር ይወሰድባቸው እንደ ነበር አጋለጡ። መነጽሯን የተነጠቀች አሮጊት ጥቂት ቆይታ ማንበብ ትተዋለች። የመስሚያ መሣሪያዋ የተወሰደባት ለተጠየቀችው አትመልስም። ከዚያ በኋላ «አእምሮዋ ደክሟል» ተብሎ ይጻፍባታል።

እንግዲህ ሕጉ በ1948 ተለውጦ ሳለ ነገሩ ስለምን ቆየ? ምክንያቱ በሥራው አከፋፈል ላይ ይገኛል። ሠራተኛው ጥቂት፣ ነዋሪው ብዙ በሆነበት ቤት ሥራ የሚቆጠረው በድርጊት ነው። ስንት ሰው ታጠበ? ስንት አልጋ ተነጠፈ? ቁርስ በስንት ሰዓት አለቀ? ቁርስ በሰዓቱ እንዲደርስ ነዋሪው ከንጋት በፊት ይቀሰቀሳል፤ አለባበስ እንዳያዘገይ ራሱ መልበስ የሚችለውም በሌላ ሰው እጅ ይለብሳል፤ ጥቂት ወራት እንዳለፈም እውነትም መልበስ ያቅተዋል። በዚህ ዓይነት ቆጠራ ውስጥ አጠገቡ ተቀምጦ ማነጋገር በሥራነት አይመዘገብም። በ1984 የወጣው «የቤት ኑሮ» የተባለው የአሠራር ደንብና በ1988 በጂሊያን ዋግነር ሰብሳቢነት የቀረበው ሪፖርት የነዋሪውን ምርጫ፣ ገመናና ክብር በግልጽ ቢያሰፍሩም፣ ይህን ቆጠራ የሚለውጥ አዲስ አስተያየት ያስፈልግ ነበር።

ሰውየው ይቅደም

አስተያየቱን ካመጡት ሰዎች መካከል ቶም ኪትውድ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። ኪትውድ በ1937 ተወለዱ፤ በወጣትነታቸው በምሥራቅ አፍሪካ በኡጋንዳ አስተምረዋል፤ በኋላም በብራድፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና መምህር ሆኑ። ትኩረታቸው የመርሳት ሕመም በያዛቸው አረጋውያን ላይ ነበር። በዚያን ጊዜ የተለመደው አነጋገር አእምሮው ተጎድቷልና የሚሠራለት ነገር የለም፤ ገላውን ማጠብና ማብላት ይበቃል የሚል ነበር። ኪትውድ ግን የሕመምተኛው ሁኔታ የሚወሰነው በአእምሮው ጉዳት ብቻ አለመሆኑን፣ በዙሪያው ያሉት ሰዎች የሚይዙበት አኳኋንም ሊያደክመው ወይም ሊያበረታው እንደሚችል አስረዱ።

ከሞታቸው አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ በ1997፣ ባሳተሙት መጽሐፍ ላይ የሰውን ሰው መሆን ሌሎች ሰዎች በግንኙነታቸው ውስጥ የሚሰጡት ማዕርግ አድርገው ይገልጹታል፤ ይህም ዕውቅናን፣ አክብሮትንና እምነትን ይጨምራል። በመሆኑም ማዕርጉ ሊነፈግ ይችላል ማለት ነው። እንዴት እንደሚነፈግም በአሥራ ሰባት ዓይነት ዘርዝረውታል። ጥቂቶቹን ብንጠቅስ፦ አታልሎ ማስገደድ፣ እንደ ሕፃን ማነጋገር፣ ሊከተለው በማይችለው ፍጥነት ማዋከብ፣ እርሱ በተቀመጠበት ስለ እርሱ ከሌላ ሰው ጋር ማውራት፣ እንደ ዕቃ ማንሣትና ማስቀመጥ፣ ማሾፍ ናቸው። ኪትውድ እነዚህን የሚፈጽሙት ሠራተኞች ብዙውን ጊዜ ክፉ ሰዎች አለመሆናቸውን፣ ነገሩ በልማድ የሚወረስ መሆኑን ደጋግመው አሳስበዋል። ለሰው ያስፈልጉታል ያሉትንም በአበባ መስለው አቅርበዋል። መካከሉ ፍቅር ሲሆን፣ ቅጠሎቹ መጽናናት፣ ከሰው ጋር መተሳሰር፣ ከማኅበር አለመገለል፣ አንድ የሚሠሩት ነገር ማግኘትና ማንነትን ይዞ መቆየት ናቸው።

ከባልደረቦቻቸው ጋር ያበጁት የመመልከቻ ዘዴም ቆጠራውን ገለበጠው። ተመልካቹ ከነዋሪዎቹ ዘንድ ለሰዓታት ተቀምጦ በየአምስት ደቂቃው አረጋዊው ምን ሲያደርግ እንደ ነበረና ስሜቱ ምን እንደ ነበረ ይመዘግባል። ስንት ሰው ታጠበ የሚለው ቀርቶ የታጠበው ሰው በታጠበ ጊዜ እንዴት ነበር የሚለው ተጠየቀ። በ2001 የእንግሊዝ የጤና መሥሪያ ቤት ለአረጋውያን አገልግሎት ባወጣው አገር አቀፍ መመሪያ «ሰውን ማዕከል ያደረገ እንክብካቤ» ራሱን የቻለ መመዘኛ ሆኖ ገባ።

አስታማሚው ሲያረጅ

እዚህ ላይ ታሪኩ አንድ ሌላ ፈተና ያቀርብልናል። ሰውየው ይቅደም ካልን፣ ያ ሰው ማን ነው?

የብሔራዊ እርዳታው ሕግ ሥራ ላይ ሊውል ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ ጁን 22 ቀን 1948፣ «ኢምፓየር ዊንድረሽ» የተባለችው መርከብ ከካሪቢያን ደሴቶች ያመጣቻቸውን መንገደኞች ለንደን አጠገብ በምትገኘው በቲልበሪ ወደብ አወረደች። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ከካሪቢያን፣ ከአየርላንድ፣ ከሕንድ፣ ከፓኪስታንና ከሌሎችም አገሮች ብዙ ሰዎች መጡ። ከሴቶቹ ብዙዎቹ ነርሶችና አስታማሚዎች ሆነው በየሆስፒታሉና በየመጦሪያ ቤቱ የእንግሊዝን ሽማግሌዎች አጠቡ፣ አበሉ፣ ዐይናቸውንም ከደኑ። ዓመታት አለፉና እነዚያ ሴቶች ራሳቸው አረጁ። ያን ጊዜ በሠራተኛ በር ይገቡበት ወደ ነበረው ቤት በነዋሪ በር መግባት መጣ።

ቤቱ የተቀበላቸው ብዙ ጊዜ «እኛ ሁሉንም በአንድ ዓይን እናያለን» በሚል ቃል ነበር። ቃሉ መልካም ይመስላል። በሥራ ሲተረጐም ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ምግብ፣ አንድ ዓይነት ማበጠሪያ፣ አንድ ዓይነት የጸሎት ቀን ማለት ሆነ። ለቀጭን ጠጉር የተሠራ ማበጠሪያ ለከርዳዳው ጠጉር ሥቃይ ነው፤ ቅባት የለመደ ቆዳም ሳይቀባ ሲቀር ይሰነጠቃል። ለሙስሊሟ አሮጊት ሐላል ያልሆነ ሥጋ፣ ለአይሁዳዊው ሽማግሌ በሕጉ ያልተዘጋጀ ምግብ ምግብ ሊሆን አይችልም። በወንድ እጅ መታጠብ ለአንዳንዷ ሴት ከሞት የባሰ ነውር ነው። ከሁሉም የከፋው የቋንቋ ነገር ነው። የመርሳት ሕመም የያዘው ሰው በኋላ የተማረውን ቋንቋ እያጣ አፍ ወደ ፈታበት ሲመለስ በብዙዎች ዘንድ ታይቷል። አርባ ዓመት እንግሊዝኛ የተናገሩ ሴት አንድ ቀን በፑንጃብኛ ውሃ ይለምናሉ፤ የሚሰማቸው ሲያጡ ይጮኻሉ፤ በመዝገቡም ላይ «ረባሽ ናቸው» ተብሎ ይሰፍራል።

ሌላም ሰበብ ነበር፤ እነርሱ የራሳቸውን ወላጆች ይጦራሉ፣ ወደ እኛ አይመጡም ይባል ነበር። ይህ አነጋገር አክብሮት ቢመስልም አገልግሎትን ለመንፈግ መሸፈኛ ሆኖ ሠርቷል። የሆነ ሆኖ አንዳንድ ማኅበረሰቦች የራሳቸውን ቤቶች አቋቋሙ፤ የአይሁድ ማኅበረሰብ ይህን የጀመረው ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አንሥቶ ነው። ሕጉም ዘግይቶ ደረሰ። የ2010ሩ የእኩልነት ሕግ በዕድሜ፣ በአካል ጉዳት፣ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በጾታ፣ በጾታዊ ዝንባሌና በመሳሰሉት ማበላለጥን ከለከለ። በ2014 የወጣው ደንብ ደግሞ እያንዳንዱ የእንክብካቤ ቤት አገልግሎቱን በነዋሪው ፍላጎትና ምርጫ እንዲያዘጋጅና ክብሩን እንዲጠብቅ አዘዘ።

ይሁንና ልዩነትን ማክበር ሌላ ወጥመድ አለበት። የሰውየውን ሃይማኖት ወይም ዘር በመዝገብ ጽፎ፣ ከዚያ በኋላ የዚያ ወገን ሰዎች ይወዱታል የተባለውን ሁሉ ማቅረብ ሰውየውን አያውቀውም። ከአንድ ደሴት የመጡ ሁለት ሴቶች አንዷ ጸሎት ወዳድ፣ ሌላይቱ ዘፈን ወዳድ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱ ሐሳቦች፣ ሰውን ማዕከል ማድረግና ልዩ ልዩ ማንነትን ማክበር፣ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ወገኑን ማወቅ ጥያቄ ለመጠየቅ ያበቃል፤ መልሱን የሚሰጠው ግን ሰውየው ራሱ ነው። እርሱ መናገር ባቃተው ጊዜ የሚያውቁት ይጠየቃሉ። በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት የመጦሪያ ቤቶች በሮች ለጠያቂ ዘመድ በተዘጉ ጊዜ የዚህ ዋጋ ታየ። የነዋሪው ታሪክ በልጁ አእምሮ ብቻ ተቀምጦ በነበረበት ቤት፣ ልጁ በር ላይ ሲቀር ታሪኩም በር ላይ ቀረ።

ወደ እኛ ስንመለስ

በቋንቋችን ከባድ ከሚባሉት አነጋገሮች አንዱ «ጧሪ ቀባሪ ያጣ» የሚለው ነው። መጦር በአገራችን የልጅ ግዴታ ሆኖ ስለ ኖረ፣ መጦሪያ ቤት የገባ ሰው ይህን ስም ተሸክሞ ይገባል። በእርግጥም በአዲስ አበባ እንደ መቄዶንያ ያሉ ድርጅቶች የተቀበሏቸው አረጋውያን ብዙዎቹ ከጎዳና የተነሡ ናቸው። በሥራው ላይ ያሉት ወገኖቻችን የሚሠሩት በጥቂት ገንዘብና በብዙ ድካም መሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ አንዳንድ ባልደረቦቻችን ምርጫና ማንነት ማለት የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፤ እኛ ገና ዳቦና ብርድ ልብስ ላይ ነን ሲሉ ይሰማሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ዳቦ ይቀድማልና።

ሆኖም ከላይ ያየነው ታሪክ የሚመልሰው መልስ አለው። እንግሊዝ አገር ገንዘብ ባገኘ ጊዜ ሕንጻ ሠራ፤ የሰውየው ክብር ግን ከሕንጻው ጋር አብሮ አልመጣም። በድኽነት ጊዜ የተለመደ አያያዝ በብልጽግናም ጊዜ ይቀጥላል። በሌላ በኩል ለአረጋዊ ክብር የሚያስፈልገው ብዙው ነገር በገንዘብ አይገዛም። በቋንቋችን «አንተ»ና «እርስዎ» የሚለያዩት ያለ ወጪ ነው። በሰፈራቸው «እርስዎ» ሲባሉ የኖሩ አዛውንት በመጦሪያ ቤት «አንተ» ከተባሉ፣ ጐፍማን የጻፉት ንጥቂያ በአንድ ቃል ተፈጸመ ማለት ነው። «እማማ» እና «አባባ» የፍቅር ቃላት ናቸው፤ ነገር ግን አርባ ሴቶች ሁሉ «እማማ» ብቻ ሲባሉ ስማቸው ይጠፋል።

የአገራችን የመጦሪያ ቤት አዳራሽ ልዩ ልዩ ቋንቋና ሃይማኖት የሚገናኝበት ነው። ከአንድ ረድፍ አልጋ ላይ ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ፣ በቀን አምስት ጊዜ የሚሰግዱ፣ ከአማርኛ በፊት ኦሮምኛ ወይም ጉራጊኛ የፈቱ አረጋውያን ይገኛሉ። ስለሆነም ነዋሪ በሚገባበት ቀን፣ ከሕክምናው ምርመራ ጋር፣ የሚከተሉት ጥያቄዎች ቢጠየቁና ቢጻፉ መልካም ነው እንላለን።

ማን ብለን እንጥራዎ?
በየትኛው ቋንቋ መነጋገር ይቀልዎታል?
ምን ይበላሉ፤ ምን አይበሉም፤ መቼስ ይጾማሉ?
ገላዎን ማን ቢያጥብዎ ይወዳሉ?
በሙያዎ ምን ነበሩ፤ ዛሬስ ምን መሥራት ይፈልጋሉ?
የማይሆንዎ፣ የሚያስፈራዎ ነገር ምንድን ነው?
በመጨረሻው ሰዓት ማን እንዲጠራልዎ ይፈልጋሉ?

ይህ ነገር ከአገር ውጭ ላሉት ባልደረቦቻችንም ይደርሳል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዓረብ አገሮች የሌላውን ሕዝብ ወላጆች የሚያጥቡና የሚያበሉ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። በ1984 እና በ1991 ወደ እስራኤል ከተጓዙት ቤተ እስራኤል መካከል በወጣትነት የሄዱት ዛሬ ሸምግለዋል፤ አፍ የፈቱትም በአማርኛ ወይም በትግርኛ ነው። የካሪቢያኗ ነርስ ያለፈችበትን መንገድ የእኛም ወገኖች ጀምረውታል። ዛሬ በባዕድ ቋንቋ ሽማግሌ የሚያጽናኑት እኅቶቻችን ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአማርኛ ውሃ ይለምኑ ይሆናል። የዚያን ጊዜ የሚሰማቸው ሰው መኖሩ ዛሬ በየሥራ ቦታው በሚተከለው ልማድ ይወሰናል፤ ተካዮቹም ራሳቸው ናቸው። የሌላውን ሰው እናት በስሟ የሚጠራ አስታማሚ፣ ሳያስበው፣ ለራሱ እርጅና ቤት እየሠራ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት በአንዱ ቤታችን በር ላይ ሻንጣ የያዙ አንድ አዛውንት ይቆማሉ። ሻንጣውን ከመቀበላችን በፊት ስማቸውን እንጠይቃቸው።